ጋሼ ብስክሌቱ ላይ ዘጠኝ ያሉ ዕለት

ይህ ነገር ሊጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ራሴን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። የሞተ የለም፣ የታሰረ የለም፣ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ነገርም አልተፈጠረም። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ ወጥተው አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ፔዳል ረገጡ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ቁጥር ጻፍኩ። ያ ብቻ ነው። ግን ወረቀቱ ላይ ያሰፈርኩት ቁጥር እሳቸው የተናገሩት አልነበረም። ይህንንም ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ቢመስልም ለእኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴ ትልቁ ነገር ስለሆነ፣ እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ሁለተኛ ሴሚስተሬ ነበር። የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ከተማ፣ አክስቴ ቤት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ እመላለስ ነበር። የወደድኩት ትምህርት ሰው ሲሮጥ፣ ሲሸከም፣ ደረጃ ሲወጣ ልቡና ሳንባው፣ ጡንቻውም ምን እንደሚሆኑ የሚያጠናው የእንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂ ነው። ግማሹ የሚሰጠው ላብራቶሪ ውስጥ፣ በእጅ እየተሠራ ነው። ችግሩ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የተመደበ መሆኑ ነው። አስተማሪዋን ቢሯቸው ድረስ ሦስት ጊዜ ሄጄ ለመንኳቸው። ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሁልጊዜ ስኒከር የሚያደርጉ ቀጭን ሴት ናቸው። በሦስተኛው ቀን ብዕራቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

‹‹ግቢ። ጎበዝ ተማሪ ሞልቶኛል፤ የሚያንሰኝ የጻፈውን ቁጥር የማምነው ተማሪ ነው። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ደብተርሽን አያለሁ። ካላመንኩት ታቋርጫለሽ፤ ሦስተኛ ዓመት ስትደርሺ ያኔ ትመለሻለሽ።››

‹‹እሺ›› አልኩ። ቢሮውን ለቅቄ ኮሪደሩ መጨረሻ እስክደርስ ድረስ እሺ እሺ እያልኩ ነበር።

መጀመሪያ የተማርነው የደም ግፊት መለካት ነው። ክንድ ላይ የሚታሰረውን ጨርቅ ነፍቶ አየሩን ቀስ እያሉ ማስተንፈስ፣ በጆሮ ማዳመጫ የደም ሥሩ ድምፅ የሚጀምርበትንና የሚጠፋበትን ቁጥር መያዝ። ሌሎቹ በመጀመሪያው ቀን ሰሙት። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከራሴ ትንፋሽ በቀር ምንም አልሰማሁም። መሣሪያውን ፈርሜ ቤት ወሰድኩና ያገኘሁትን ሰው ሁሉ መለካት ጀመርኩ፤ እሑድ የመጣ እንግዳ እንኳ አልቀረኝም። አክስቴ፣ ‹‹ይቺ ልጅ ሰላም ማለት ትታ ሰው ክንድ ላይ መጠምጠም ጀመረች›› ብላ ሳቀችብኝ። አንድ ማታ በራሷ ክንድ ላይ፣ በጣም ከሩቅ፣ ጣት ጠረጴዛ እንደሚመታ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ደስ ሲለኝ ማስተንፈሱን ረስቼ ‹‹እጄን!›› ብላ ጮኸች።

ቀጥሎ ብስክሌቱ መጣ። አሮጌ፣ ከባድ፣ የትም የማይሄድ ብስክሌት ነው። የፊተኛው ጎማ ዙሪያ ቀበቶ አለው፤ ቀበቶው በጠበቀ ቁጥር ፔዳሉ ይከብዳል። አጠገቡ ቀጭ ቀጭ የሚል መሣሪያ አለ፤ የሚጋልበው ሰው እግሩን ከድምፁ ጋር እኩል ማስኬድ አለበት። በየሦስት ደቂቃው እናከብደዋለን፣ የልብ ምቱን እናነባለን፣ ከዚያም ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሰሌዳ እያመለከትን ‹‹ስንት ነው?›› ብለን እንጠይቃለን።

ሰሌዳው ከስድስት እስከ ሃያ ተቆጥሯል። ስድስት ማለት ምንም አልደከመኝም፣ ዘጠኝ በጣም ቀላል ነው፣ አሥራ ሦስት ከበድ ብሏል፣ አሥራ ሰባት በጣም ከባድ ነው፣ ሃያ ከዚህ በላይ አልችልም ማለት ነው። ቁጥሩን የሚመርጠው ብስክሌቱ ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። አስተማሪያችን እንደነገሩን፣ ብዙውን ጊዜ ሰውየው የሚለው ቁጥር በአሥር ሲባዛ ወደ ልብ ምቱ ይጠጋል። ይህችን ነገር ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬባታለሁ።

የምንሠራው ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው፤ ከእኔ ጋር የተመደበችው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆነች አሜሪካዊት ዋናተኛ ናት። የእሷ ተራ ሲደርስ ገና በስድስተኛው ደቂቃ፣ ‹‹እግሬ ሊገነጠል ነው፤ አሥራ ስድስት ጻፊ! ይህን ብስክሌት የሠራውን ሰው አንድ ቀን አገኘዋለሁ!›› ብላ ጮኸች። እኔ በእሷ አፈርኩ። አስተማሪያችን ግን ዝም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ‹‹አሥራ ስድስት›› ብለው እንድጽፍ በጣታቸው አሳዩኝ። የእኔ ተራ ሲደርስ አሥራ አንድ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደክሞኝ ነበር።

በሴሚስተሩ አጋማሽ እያንዳንዱ ጥንድ ዕድሜው ከአርባ በላይ የሆነ አንድ ፈቃደኛ ሰው እንዲያመጣ ታዘዝን። የዋናተኛዋ ወላጆች ሌላ ስቴት ስለሚኖሩ ነገሩ ወደ እኔ መጣ። እኔም ለአባቴ የልብ ጓደኛ ስልክ ደወልኩ። እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የሚባል ከተማ ነው የሚኖሩት፤ አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፣ እዚህ ታክሲ ይነዳሉ። እኛ አሜሪካ ስንመጣ ዋስ ሆነው የፈረሙልን እሳቸው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው።

‹‹ጋሼ፣ ለትምህርቴ አንድ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ብስክሌት መንዳት ነው፣ ብዙም አይደለም…››

‹‹መቼ?›› አሉ። ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም።

የመጡት ዓርብ ጠዋት፣ ሁዳዴ ከገባ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከአሌክሳንድሪያ ተነስተው ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ያንን ሁሉ ትራፊክ አልፈው፣ ከቀጠሯቸው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ደረሱ። ሙሉ ልብስ ለብሰው ክራቫት አስረዋል። ስኒከር ያስፈልጋል ብዬ ስለነበር ሴቨን ኮርነርስ የገበያ ማዕከል ሄደው አዲስ ገዝተው ከነካርቶኑ በብብታቸው ይዘውታል።

‹‹ዩኒቨርሲቲ እኮ ነው›› አሉኝ ክራቫታቸውን ሳየው። ‹‹እንዴት ብዬ በሹራብ እመጣለሁ?››

ፎርሙን እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው። አንዱ ጥያቄ ባለፉት ሦስት ሰዓታት ምግብ በልተዋል ወይ የሚል ነው፤ ከፈተናው በፊት መብላት አይፈቀድም። ‹‹አልበላሁም›› አሉ ፈገግ ብለው። እኔም ደስ ብሎኝ ምልክት አደረግሁ። በጾም ወቅት ጋሼ ከሰዓት በኋላ ድረስ እህልም ውሃም እንደማይቀምሱ አውቃለሁ። ፎርሙ ስለ ውሃ አይጠይቅም፤ እኔም አላነሳሁም።

ፔዳሉን ሲረግጡ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ እንደ ፈረሰኛ ተቀምጠው ነበር። ዋናተኛዋ የልብ ምታቸውን ከመሣሪያው ላይ ታነባለች፤ እኔ እጠይቃለሁ፣ እጽፋለሁ። እንግሊዝኛ አሳምረው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ከእኔ ጋር ግን ሁልጊዜም በአማርኛ ነው።

‹‹ዘጠና ስምንት›› አለች ዋናተኛዋ በሦስተኛው ደቂቃ።

‹‹ስንት ይላሉ ጋሼ?››

‹‹ዘጠኝ በይው።››

ቀበቶውን አጠበቅን። የልብ ምታቸው መቶ አሥራ ስድስት ገባ።

‹‹አሁንስ?››

‹‹ዘጠኝ።››

በሦስተኛው ዙር መቶ ሠላሳ አንድ ሆነ። ላባቸው ከግንባራቸው እየወረደ አገጫቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል።

‹‹ጋሼ፣ ደከመዎት እንዴ? እውነቱን ይንገሩኝ።››

‹‹ኧረ ምንም አይል! ሽርሽር ነው። ዘጠኝ ነው አልኩሽ።››

ፊታቸው ቆሜ፣ አባቴ እንኳ እየተነሳ ወንበሩን የሚለቅላቸውን ሰው፣ አልደከመኝም ያሉት ውሸት ነው ልላቸው አልቻልኩም። ወረቀቱን አየሁ። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ብዬ ብጽፍ ሰሌዳውን በትክክል አላስረዳኋቸውም ይባላል ብዬ አሰብኩ። አስተማሪያችን ቁጥሬን አያምኑትም። ያቺ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩባት መስመር ትዝ አለችኝ። የልብ ምታቸውን ለአሥር አካፈልኩና አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። በአራተኛው ዙር የልብ ምታቸው ለዕድሜያቸው ከተፈቀደው ጣሪያ፣ መቶ አርባ ሦስት፣ ላይ ደረሰ። አሥራ አራት ብዬ ጨመርኩና ‹‹አለቀ ጋሼ!›› አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ያህል በቀስታ መርገጥ ነበረባቸው። እሳቸው ግን አለቀ ስላቸው ወረዱ። ሁለት እርምጃ ተራመዱ፣ ግድግዳውን በእጃቸው ደገፉ፣ ከዚያም ምንጣፉ ላይ በዝግታ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ነጥቷል። አስተማሪያችን ሳይሮጡ ግን ፈጥነው መጡ፤ አስተኝተው እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቀሉላቸው።

‹‹ምን ቀምሰዋል ዛሬ?›› ብለው ጠየቁኝ።

‹‹ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም። ውሃም አልጠጡም። ጾም ነው።››

ዋናተኛዋ አፏን ከፍታ አየችኝ። ውሃ ስናቀርብላቸው ጋሼ ተኝተው በአማርኛ፣ ‹‹ሰዓቱ እኮ ገና ነው›› አሉኝ።

‹‹እንደ መድኃኒት ይቁጠሩት ጋሼ፣ እባክዎ።››

‹‹ለቄሱ አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው›› ብለው ጠጡ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የፊታቸው ቀለም ተመለሰ፤ ለሁሉም ሰው ይቅርታ እየጠየቁ ክራቫታቸውን አሰሩ። አስተማሪያችን፣ ‹‹ፎርሙ ስለ ውሃ አለመጠየቁ የእኔ ጥፋት ነው›› አሉና ግርጌው ላይ በእጃቸው አንድ ጥያቄ ጨመሩ። ከዚያ የእኔን ወረቀት አንስተው ተመለከቱ። ‹‹በዚህ ሁሉ መሀል እንኳ ሥራሽ ንጹሕ ነው›› አሉኝ።

በተከታዩ ሳምንት የሁሉም ጥንዶች ውጤት በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በአንድ በኩል የልብ ምት፣ በሌላ በኩል ሰዎቹ የተናገሩት ቁጥር። የሌሎቹ ነጥቦች ወዲያና ወዲህ የተበተኑ ናቸው፤ የጋሼ አራት ነጥቦች ብቻ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። አስተማሪያችን በእርሳስ እየጠቆሙ፣ ‹‹መጽሐፉ የሚለው ይህን ነው›› አሉ። ሁለት ተማሪዎች ወደ ደብተራቸው ገለበጡት።

እኔ በፈጠርኩት ቁጥር ሰው እየተማረበት ነው። ደግሞ ጋሼ የተናገሩት በአማርኛ ስለሆነ ከእኔ በቀር የገባው የለም። ዝም ብል እስከ ዘላለም ማንም አይደርስበትም፤ ኮርሱ ውስጥም እቀራለሁ። ብናገር ምን እንደሚሆን ኮርሱን ስገባ ተነግሮኛል። ሁለት ቀን አውቶቡስ ውስጥ ይህንኑ ሳሰላስል ቆየሁና በሦስተኛው ቀን ቢሯቸው ገባሁ። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፤ ተቀመጪ ሲሉኝም አልተቀመጥኩም።

‹‹ታዲያ እሳቸው ምን አሉ?››

‹‹ዘጠኝ።››

‹‹በየትኛው ደቂቃ?››

‹‹በሁሉም።››

አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሬን ወደ እኔ ገፉልኝ። ‹‹እዚህ ቤት አይፋቅም፣ ገጽም አይቀደድም። በአንድ መስመር ሰርዢው፣ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ። እውነተኛውን አጠገቡ ጻፊ፣ ፈርሚበት።›› አራት ጊዜ ዘጠኝ ጻፍኩ። ‹‹የሚገርም ነገር ያገኘነው ገና አሁን ነው›› አሉ ወረቀቱን እያዩ። ‹‹ልቡ መቶ አርባ ሦስት የሚመታ ሰው ለምን ዘጠኝ ይላል? አንቺ እሱን ነው የደመሰስሽብን። ሄደሽ ጠይቂያቸው። ከሐኪም ወረቀት ካመጡ፣ እሳቸውም ከፈቀዱ፣ ከጾሙ በኋላ ይደገም። ሁለቱንም ወረቀት አይቼ ስለ አንቺ እወስናለሁ።››

ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ጋሼና ባለቤታቸው ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ባለ አፓርትመንት አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሻይ ቀረበልኝ። የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳቸውና፣ ‹‹ግን ጋሼ፣ ለምን ሁልጊዜ ዘጠኝ አሉ?›› ብዬ ጠየቅሁ።

ጋሼ ሲኒያቸውን አዩ። ባለቤታቸው ከወጥ ቤት ብቅ አሉ።

‹‹ዘጠኝ ማለት ምንድነው?››

‹‹በጣም ቀላል ነው ማለት ነው፣ እትዬ።››

‹‹ቀላል?! ያን ዕለት ማታ እግሬን እሺልኝ እያለ ሲያቃስት አይደል እንዴ ያደረው! አሳንሰር በተበላሸ ቁጥር ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ የሚያርፍ ሰውዬ!››

‹‹አንቺ ደግሞ›› አሉ ጋሼ። ‹‹ልጅቷ ፊት…››

‹‹ልጅቷ ፊት ነው እንጂ! ልጅቷ እኮ መለኪያ ይዛ ነው የቆመችው!››

ጋሼ ትንሽ ሳቁ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ‹‹እኔ እንኳ… ፈረንጇ ጓደኛሽ አጠገብሽ ቆማለች። አንቺ ወረቀት ይዘሻል። ከባድ ነው ብል፣ ይቺ ልጅ ሰውየውን አሠቃየች ብለው ማርክ የሚቀንሱብሽ መሰለኝ። አስተማሪ ነበርኩ፤ የክፍል ፈተና ላይ ተማሪን ማሳጣት አልወድም። ደግሞስ ለአንድ ብስክሌት ብዬ ደከመኝ ልበልሽ?››

ሁለታችንም አንዳችን ሌላችንን ልንጠብቅ ብለን ነው የዋሸነው። እሳቸው የእኔን ማርክ፣ እኔ የእሳቸውን ክብርና የራሴን ቦታ። ይህንኑ ነገርኳቸው።

‹‹ጋሼ፣ አሁን እኔን የሚጠቅመኝ የደከመዎትን ያህል ደከመኝ ካሉ ብቻ ነው። ካልሆነ ከኮርሱ እወጣለሁ።››

‹‹ይህን መጀመሪያ አትናገሪም ነበር?›› አሉ። ‹‹ማማረር ነው የሚፈለገው? ለእሱማ ማን ይቀድመኛል።››

‹‹እሱን እኔ እመሰክራለሁ›› አሉ ባለቤታቸው።

ፋሲካ አለፈ። ጋሼ የሐኪማቸውን ወረቀት ይዘው፣ በዚህ ጊዜ ያለ ክራቫት መጡ። ጠዋት በማለዳ ቁርስ በልተው ውሃም ጠጥተው ነበር፤ ሃምሳው ስላልወጣ ዓርብም ቢሆን ጾም የለም። አስተማሪያችን ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና፣ ‹‹የሚሉትን ሁሉ ተርጉሚልኝ፣ ቁጥሩን ብቻ አይደለም›› አሉኝ።

‹‹አሥራ አንድ›› አሉ ጋሼ በመጀመሪያው ዙር። በሁለተኛው፣ ‹‹አሥራ ሦስት። አይ ቆይ፣ አሥራ አራት አድርጊው፤ ትናንት ስነዳ መዋሌንም ጨምሪበት።››

‹‹ትናንት አይቆጠርም ጋሼ። የአሁኑን ብቻ።››

‹‹እንግዲያው አሥራ ሦስት። ግን ወንበሩ ድንጋይ ነው፣ እሱን ጻፊልኝ።››

ተረጎምኩ። ዋናተኛዋ፣ ‹‹እውነታቸውን ነው! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስናገር ነበር!›› አለች። በሦስተኛው ዙር ጋሼ አሥራ ስድስት አሉ። በአራተኛው ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ቀልዱ ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር።

‹‹አሥራ ሰባት›› አሉ ቀስ ብለው። ‹‹ደከመኝ፣ ልጄ።››

የልብ ምታቸው መቶ ሠላሳ ስድስት ነበር። ለአሥር አላካፈልኩትም። አሥራ ሰባት ብዬ ጻፍኩና ቀበቶውን አላላሁላቸው፤ በቀስታ ሦስት ደቂቃ እስኪሞላ ድረስ እጄን ከመያዣው ላይ አላነሳሁም።

ጋሼ ልብሳቸውን ሊቀይሩ ሲሄዱ አስተማሪያችን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጉ። አዲሱ መስመር ጠማማ ነው፤ ከመጽሐፉ ጋር አይገጥምም። የመጀመሪያውን ከግድግዳው ላይ አውርደው፣ ‹‹ለዚያኛው ሙከራ ዜሮ ነው የምሰጥሽ። መጨረሻ ላይ ውጤትሽን ይጎትተዋል›› አሉ።

‹‹እሺ›› አልኩ።

‹‹ይኸኛውን አምኜዋለሁ። ሰኞ በሰዓትሽ ነይ።››

ከኮርሱ ሳልወጣ መቅረቴን ያወቅሁት እንዲህ ነው። ጋሼ በር ላይ ስኒከራቸውን በካርቶኑ ይዘው ቆመው፣ ‹‹ምን አሉሽ?›› ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ መኪናቸው ድረስ ሸኘኋቸው። ዕለቱ ዓርብ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1996 ነበር፤ በእኛ ሚያዝያ 18 ቀን 1988 ዓ.ም.።